የጠፉበት ምክንያት

ና ተቀመጥ ሙሉሰው፣ ድንጋዩ ደርቋል፤
ሞተር ብስክሌትህ ጭቃ ጠጥቷል።
ቅጹን ዘርጋው እንግዲህ፣ ስሜን ታውቀዋለህ፤
ጫንያለው አድማስ፣ ቁንዝላ ብለህ።
የኩሬው ስፋት፦ በገመድ የለካኸው፣
አሥር በሃያ ሜትር፣ ችካል የመታኸው።

የገባው ዓሣ ብዛት፦ ስድስት መቶ ጫጩት፣
ከባሕር ዳር በላስቲክ፣ አየር ተሞልቶበት፣
በጉልበቴ ታቅፌ፣ ቆሜ ያመጣሁት።
አውቶቡሱ ሲያነጥረን፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣
"ምን ይዘሃል?" ብላ አንዲት ሴት ጠየቀችኝ።
"ልጆች" አልኳት። አላፈርኩም።
ከስድስት መቶው አንድም አልሞተብኝም።

ትዝ ይልሃል ያኔ፣ ስልክህን አውጥተህ
የሩቅ አገር ባሕር ያሳየኸኝ ከፍተህ?
ገደሉ እንደ መጋዝ፣ ጥዱ እስከ አፋፉ፣
ማዕበል አሸዋው ላይ ሲወድቅ በአፍጢሙ፣ በክንፉ፤
በመረብ ቤት ውስጥ ዓሣ፣ ክብ ክብ፣ እንደ አውድማ፣
ካፖርት የለበሰ ሰው መኖ ሲበትን ከማማ።
"ሰላማዊ ውቅያኖስ ይባላል" አልኸኝ።
ያ ሁሉ አረፋ! ያ ሁሉ ቁጣ! ሳቄ አመለጠኝ።
"ጉማሬ አለበት?" ስልህ፣
"የለም" አልህ።
እንግዲያስ ስሙ እውነት ነው።

እኔ ግን እዚህ ጣና ዳር ግብር ከፋይ ነኝ።
ሳቢሳው ጎህ ሲቀድ በአንድ እግሩ ቆሞ ይቆጥራል፣
እንደ ዕድር ገንዘብ ያዥ አንገቱን ሰብሮ ይመረምራል፤
አርጃኖው ከቋጥኙ ሥር ምላሱን ልኮ ይቀምሳል፤
ንስሩ ከሾላው ጫፍ ላይ ራሱን ጥሎ ይስቃል።
ለነሱ ሠላሳ ያህል በልቤ መድቤ ነበር፤
ቅጽህ ላይ ግን የለም "ለእንግዳ" የሚል መስመር።

አንጓች ፉርሽካውን ከወፍጮ ቤት ታመጣለች፣
"ከላሟ ነጥቀህ ለዓሣ!" እያለች ታማርራለች፤
ሲመሽ ግን፣ አላየኝም ብላ፣ በጓሮ ዞራ
ዳቦ ስትፈረፍር አይቻታለሁ፣ ከቀረሶ ጋር ስታወራ።
በሰኔ ጣት ያክሉ ነበር። በነሐሴ መዳፍ።

እንግዲህ አምስተኛው ጥያቄ፦ "የጠፉበት ምክንያት"።
ትናንት ሌሊት፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል የሚዘንብበት፤
ጣና ደንገሉን ተሻግሮ አጥሬ ሥር ተኝቷል፣
በመሐል አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ባዶ ጋን ያጓራል።
ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ።
ግድቡ ላይ ሌላ ግድብ፣
ጀርባው ብቻ፣ ዝናብ የሚያጥበው፣
ቆሟል።

ምን ልበለው? ሂድ ልበለው? አባቴ ይል የነበረ አለ፦
ጉማሬ መንገድ አይስትም፣ ሰው ነው መንገዱ ላይ የተከለ።
መጋቢት ላይ ስንቆፍር አፈሩ ደንድኖ፣
አካፋው ሲመለስብኝ፣ ዱካ መሆኑ ታውቆኝ፣
አያት ቅድመ አያቶቹ ለሣር የወጡበት።
አውቄ ነበር።
አንተም ታውቅ ነበር። ሜዳ ስለሆነ ወደድነው።

አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ረገጠ። አለፈ።
ግድቡ እንደ ራሰ ዳቦ ተገመሰ፣
ውሃ ውሃን ጠራ፣
ስድስት መቶ ሲቀነስ ሠላሳ
በጨለማው ውስጥ ሄደ እያበራ።
አንጓች ወንፊት ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣
"ያዝ! ያዝ!" ትላለች።
ምኑን ልያዘው?

ጠዋት ከአንድ አምባዛ በቀር ኩሬው ውስጥ ምንም የለም፤
(እሱን አትመዝግበው፣ ከጣና የገባ ነው፣ የኔ አይደለም።)
ዱካውን ተከትዬ ወረድኩ፣ በአሸዋው፣ እስከ ቋጥኙ፤
ባለ አራት ጣት፣ ጥልቅ ጥልቅ፣ ውሃ ያቆረ።
እያንዳንዱ ኮቴ ኩሬ ነበረ።
በሦስተኛው ውስጥ አራት ቀረሶ
ይዞራሉ፣ ጀርባቸው ፀሐይ ለብሶ።
ተንበረከክሁ። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ልማድ ነው።
ስፋት፦ ሁለት ስንዝር። ባለቤት፦ ያው የምናውቀው።
ኪሴ ውስጥ ፉርሽካ ነበር፣ አንድ ቁንጥር።
በተንሁላቸው።

"ጎርፍ" ብለህ ጻፈው ከፈለግህ፣
ለጉማሬ የሚሆን ሳጥን ካጣህ።
ብቻ የሚቀጥለውን ስንለካ
ገመዱን ወደ ላይ፣ ከሾላው ማዶ እንሳበው።
አሁን ጫማህን አውልቅና ተነሥ፤
ኮቴው ሳይደርቅ እንሂድ።