ደረሰኝ

ሐምልተን፣ ባርተን ጎዳና፣ ከላውንደሪው በላይ፣
አንዲት ክፍል ቢሮ፤ መስኮቷ የሚያሳይ
የብረት ፋብሪካ ጭስ፣ የተለሰነ ሰማይ።
የሌላውን ሰው ግብር እያሰላሁ የምኖረው እዚያ ላይ።

በየዓመቱ መጋቢት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣
ዱዌይን ፕሪቸት ይመጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ኮቴው የማይደመጥ፤
የጫማ ካርቶን አቅፎ፣ በር ላይ ጫማውን ጠርጎ፣
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አድርጎ።

"ሙያ?" ስለው፣ "አሸንዳ ጠራጊ።
ቅጠል፣ ጭቃ፣ የወፍ ጎጆ።" ሌላ አልነበርሁም ፈላጊ።
ቤንዚን፣ ጓንት፣ መሰላል፤
ሰድበሪ አንድ አዳር፣ ቁርስ ይጨምራል።
አሸንዳ ሊጠርግ አራት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ያውም በጥር፣ ማን ይነዳል?
ብዕሬ ቆም አለች። እኔ አልቆምሁም፤
አምዱን ደመርሁ፤ ድምሩን እንጂ ሰውየውን አላየሁም።

ደግሞ ሐቀኛ ነው! አንድ ዓመት ተሳስቼ
አሥራ ሁለት ዶላር አሳንሼ አስከፍዬው፣ ልሄድ ስል በሬን ዘግቼ፣
በዚያ ሁሉ ነፋስ፣ በዚያ ሁሉ ውርጭ ተመልሶ መጣ፤
"የሰው ገንዘብ ኪሴ ካደረ፣" አለኝ፣ "እንቅልፍ ነው የማጣ።"

አንዴ ብቻ፣ ማተሚያው ተበላሽቶ፣
ስጠግነው ሲያየኝ፣ ዝምታው ራሱ ሰልችቶ፣
አወራኝ፤ እንዲያው ዝናብ እንደሚያወራ፣ ሳይጠየቅ ተነሥቶ፦

"አባቴ ክሬን ነጂ ነበር፤ የሌሊት ፈረቃ።
እናቴ ላይ ቤቱን ታከራይ ነበር፣ ሃልቨርሰን ለሚባል ምንጣፍ ሻጭ።
ማታ ማታ ሩብ ዶላር ያስይዘኛል፤
'ውጣና በረዶ ላይ ተጫወት፤ ምንም አላየህም።'
እወጣለሁ። አላየሁም።
ንጋት ላይ አባቴ ብረት ብረት እየሸተተ ይገባና
'ቤቱ ደኅና አደረ?' ይለኛል።
'ደኅና' እለዋለሁ፤ ሳንቲሟ ጓንቴ ውስጥ ሞቃ።
ስምንት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማተሚያው ተነሣ።

በጥቅምት ሁለት መርማሪዎች መጥተው ካርቶኖቹን ወሰዱ።
"ስድስት ሰው፣" አሉኝ፤ ዋጋቸው ተቆርጦ የሄዱ።
የሰድበሪዋ ፋርማሲስት፣ ኮሪን ማሌት፣ በካልሲ ብቻ ወጥታ፣
መሰላል ይዞ ስታየው፣ "ለበረዶው ነው የመጣህ?" ብላ፣ በሯን ከፍታ።
እኔ ዘንድ ያቺ ሌሊት፦ አዳር፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር፣ ከነቁርሱ።

"ጠልተሃቸው ነበር?" ብለው ቢጠይቁት፣ ግራ ገባው አሉ፤
"አሸንዳ የሚጠርጉ ሰዎች፣ ቅጠል ይጠላሉ?"

እኛ ወርቅ የምንላትን ዝምታ፣ እሱ በሩብ በሩብ መነዘረ፤
ዝም ለማለት የተከፈለው ልጅ፣ አድጎ ዝም ለማሰኘት ተቀጠረ።
ይህን ብዬ ጋደም አልሁ። ጥሩ ድምር ነበረ።
ግን ስንቱ ልጅ ሩብ ዶላር ጨብጦ በረዶ ላይ ቆሞ፣ አድጎ ዳቦ ጋገረ!
አምዱ አልዘጋም አለ፤ አንድ ነገር ከድምሩ ቀረ።

የቀረውን ፍለጋ የራሴን መዝገብ ገለጥሁ፤
አሥራ አንድ መጋቢት፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቆረጥሁ።
"ለአገልግሎት፣ ሁለት መቶ ሠላሳ፤ ተከፍሏል።" ፊርማው የእኔ።
ከኮሪን ደጃፍ ላይ ስንት ሳንቲም ይሆን የገባው ወደ ጎኔ?

ታች የላውንደሪው ማሽን የሰው ልብስ እያጠበ ይዞራል።
ሚስቴ ትደውላለች፤ "ደኅና ዋልህ?"
"ደኅና" እላታለሁ።
መዳፌ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቃል።
ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋሁ፤
በቀይ ቀለም፣ በራሴ እጅ፣ ከላይ የተጻፈውን
አሁን ገና አነበብሁ፦
ደረሰኝ።