የቸርኬው ደወል

ከአቶቴ እስከ ፒያሳ፣ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል
ባጃጄ ያልረገጠችው ጉድጓድ የለም፤ ማል ቢሉኝ እምል።
ጠዋት ጠዋት የሰው ልጆች ነው የምጭነው፣
ሦስቱን ከኋላ፣ አንዱን ከጎኔ፤
ትራፊክ ሲኖር «ጎንበስ በል» የምለው
ያ ትንሹ ልጅ፣ እኩያው ነው የእኔ።

በየበሩ አወርዳለሁ፦ ሰማያዊ በር፣ አረንጓዴ በር፣
ፊደል የምትቆጥር ጥንቸል የተሣለችበት አጥር።
በር በማወቅ ማን ይቀድመኛል?
ለምናሴ የሚከፈተው ግን የቱ ይሆን? እሱ ይጠፋኛል።

ምናሴ ስምንት ሞላው፤ አፉን ገና አልፈታ።
ውሃ ሲጠማው እጄን ይስባል ወደ ጀሪካኑ ቦታ።
የእኔን ሞተር ከመቶ ባጃጅ ይለያል፤
ገና አስፋልቱን ሳልለቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።
የተሰለፈ ነገር ይወዳል፦ ቆርኪ፣ የባቄላ ፍሬ፣ ጫማ።
ድንገት የሚጮህ ግን አይችልም፤ ጡሩምባ፣ ደወል ከሰማ
ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል፣
ያገኘው ግድግዳ ሥር ይጣበቃል።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ወለሉ ያበራል።
ዳይሬክተሩ ሻይ አዘዙልኝ። ሻይ ሲቀድም እንቢታ ይከተላል።
«ልጁ ያምራል» አሉ። «እኛማ ደስ ባለን፤
ግን ሌሎቹ ወላጆች፣ ይገባሃል፣ እነሱ ናቸው የሚከፍሉን…»
ምናሴ እስክሪብቶዎቻቸውን በቁመት ደርድሮ ነበር።
እንደ ደረደረው ተውኩላቸው።

ሁለተኛው የመንግሥት ነው። አምና። እንቢ አላሉም፤ ይመስገኑ።
አንድ ክፍል ሰባ ስምንት ልጅ፤ በአንድ ዴስክ አራት ሆኑ፤
ምናሴ አምስተኛ፣ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ።
መምህሩ ደግ ነበሩ፤ ሰባ ስምንት ልጅ ፊት ምን ያድርግ ደግ?
በሦስተኛው ቀን ደወሉ ተደወለ፤
ምናሴ በዚያው መስኮት ዘለለ።

ስልኩ ሲደርሰኝ «ውረዱ» አልኩ፤ ሒሳብም አልተቀበልኩ።
ታቦር ሥር ፈለግኩ፤ ገበያ መሀል ስሙን ጠራሁ፣ እንደማይመልስ እያወቅኩ።
ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚበልቱት አንጀት ከሚጥሉበት፣
ከአባ ኮዳዎቹ መሀል ቆሞ አገኘሁት።
ከእሱ ይረዝማሉ። እነሱ ዝም፣ እሱም ዝም።
ማንም ማንንም አልጠየቀም።

«ጸበል» አለ አንዱ፤ «ጸሎት ቤት» አለ ሌላው፤
«ቤት ይዋል፣ ምን አንገላታው?» ያለኝ ወንድሜ ነው።
ሚስቴ ቦጋለች፣ ከፓርኩ የሌሊት ፈረቃ ስትመለስ፣
ዓይኗ ክር መስሎ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፦ «ተገኘ፣ ወይስ…»
«ወይስ»ን አትጨርሰውም።
እኔም አልጨርስላትም።

ሦስተኛውን የነገረችኝ ተሳፋሪ ናት፣ ቲማቲም ጭና፦
«ከዚያ ካረጀው ትምህርት ቤት ጓሮ፣ አንዲት ክፍል አለችና…»
ሄድን። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አሥራ አንድ ልጅ፣ መምህርት ዘነበች።
ለምን አይናገርም አላለች፤ የሐኪም ወረቀት አምጣ አላለች፤
«ምን ያስደነግጠዋል?» አለች።

ደወል፣ አልኩ።

ቀና አለች። ከዋንዛው ላይ፣ እንደ ሙክት ሥጋ የተሰቀለ
ቸርኬ፤ የአይሱዙ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሲነርቱት ሰፈር የሚያናውጥ፣ እየዛገ ያልዛለ።
አንድ እግር ካልሲ አወጣች ከቦርሳዋ፣ ጓደኛው የጠፋ፤
መምቻ ብረቱን አለበሰችው፤ በክር አሰረችው፤
መታች። ዱም አለ፤ የተኛ ሰው ደረት ይመስል፣ ቀስ ብሎ ሰፋ።
ምናሴ እጁን ወደ ጆሮው አነሣ፤ መንገድ ላይ አቆመው።
እንደገና መታች።
እጁ እዚያው፣ አገጩ ጋ እንደ ቀረ፣ አዳመጠው።

አላለቀም። ሦስት ልጆች ከእኛ በፊት ተራ ይዘዋል።
በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ወንበርም ራሳችሁ አምጡ ተብሏል።
«ጥቅምት» ብለውናል። አናጢውን ቀብድ ሰጠሁት።

ጠዋት የሰው ልጆች አውርጄ ስጨርስ፣ ምናሴን ከጎኔ አስቀምጬ
በዚያ በኩል አልፋለሁ፣ ነዳጅ ተወደደ ሳልል፣ ከመንገዴ አፈንግጬ።
ከአጥሩ ሥር ሞተር አጠፋለሁ። እንጠብቃለን።

ዱም ሲል፣ ትናንት፣ እጄን ያዘኝ፤
ውሃ ሲጠማው እንደሚያደርገው፣ ወደ በሩ ሳበኝ።

ገና ጥቅምት አልገባም።