ያልታወቀ መሣሪያ

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ኩታይሲ ከተማ፣
የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ የምድር ቤት ጨለማ፣
አንድ ማተሚያ አለ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣
ብሬሉን በወረቀት ነክሶ የሚጽፈው።
ልጆቹ "ድብ" ይሉታል፤ ሲሠራ ያገሳል፣
ድምፁ በደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል።

መብራቱን ያበራሁት ለራሴ ነው፣ ለእኔ፤
"ቆጣሪው ባንተ ነው" ሳቀች ኤተሪ ከጎኔ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከድቡ ያልተለየች፣
የወጣውን ገጽ ሁሉ በጣቷ ያረመች።

አሮጌው ኮምፒውተር ማክሰኞ ሞተ፤ በቃ።
አዲሱ መጣ፤ ጥቁር፣ ዝምተኛ ዕቃ።
ጀርባውን ዳሰስኩት፣ አዞርኩት፣ ገለበጥኩት፣
ለድቡ ገመድ ግን አንድም አፍ አጣሁበት።
ስለዚህ ካርድ ገዛሁ፣ መዳፍ የማይሞላ፣
ሁለት ሲሪያል ፖርት ያዘለ ከኋላ።

ሳጥኑን ስከፍተው ብሎኑ አመለጠኝ፤
"ከቀኝ እግርህ ኋላ!" ድምፁን ሰምታ ጠቆመችኝ።
ካርዱ ቀጭ ብሎ ገባ፤ እኔም ደስ አለኝ፤
ስክሪኑ ግን ቢጫ ሦስት ማዕዘን አሳየኝ፦

ያልታወቀ መሣሪያ።

ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ከመብራቱም ተካፍሎ
ስም የሌለው እንግዳ።
"ምን ይላል?" አለችኝ። አነበብኩላት።
"ባንክ ስሄድ እኔንም እንዲያ ነው" ብላ ሳቅ አመለጣት።

ድራይቨር ማለት እንግዲህ አስተርጓሚ ነው፤
ካርዱ የሚያወራውን ኮምፒውተሩ እንዲሰማው።
"ሾፌር" ቢሉትም ያስኬዳል፤ መኪና ቢያምር፣ ቢወለወል፣
ሾፌር ከሌለው የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

ሲዲ አብሮት መጥቷል፤ የት ላስገባው ታዲያ?
አዲሱ ኮምፒውተር የለውም ማስገቢያ።
ፊቴን አየሁበት፤ ጢሜ አድጓል፤ አስቀመጥኩት።

ካርዱን መልሼ ነቀልኩ፤ በማጉያ መነጽር
እንደ ጉንዳን ዱካ የደቀቀውን የቺፑን ቁጥር
አንብቤ፣ በዚያው ፈለግሁ፤ ድራይቨሩን አገኘሁ፤
አወረድኩ፣ ጫንኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ።
ቢጫው ጠፋ።

ግን ፕሮግራሙ ከጥንትም የሚያውቀው ፖርት አንድን ነው፤
ኮምፒውተሩ ደግሞ ካርዱን አምስት ብሎ ሰየመው።
የሟቹን ስም አወረስኩት። አልተቃወመም።
ፍጥነት፦ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ።
ድቡ አገሳ፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ።

ነገ ጠዋት ፈተና አለ፤ ጂኦግራፊ፣ ስድስተኛ ክፍል።
ኤተሪ ገጹን ዳሰሰች፤ ጣቷ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣
አሥረኛው መስመር ላይ ቆመ።
"እስከዚህ ጥሩ ነው" አለች። "ከዚህ በታች ግን
ፊደል አይደለም፣ በረዶ ነው የዘነበው፤
የካስፒያንን ባሕር ግማሹን ማን በላው?"

እኔ ገመዱን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ካርዱን፤ ቀጥሎ ራሴን።
እሷ መዳፏን ድቡ ጀርባ ላይ አሳረፈች፤
"ድሮ በየመሃሉ ይተነፍስ ነበር" አለች፤
"አፉ ሲሞላ 'ቆይ' ይላል፤ አሮጌው ይጠብቀዋል፤
ይሄኛው ግን ሳይሰማ ዝም ብሎ ያጎርሰዋል።"

እውነቷን ነው። ከዘጠኙ እሾህ መሃል
"ቆይ" የሚል አለ፤ ሌላ ሥራ የለውም።
የጫንኩት ድራይቨር ይቺን አንዲት ቃል አያውቃትም።
አዲስ እትም ፈለግሁ፤ መጋቢት ላይ የወጣ፤
ማስታወሻው ግርጌ አንዲት መስመር፦
"መጠበቅ የማይችልበት ስህተት ታርሟል።"
አዘመንኩት። የሟቹ ስም ጠፍቶ ኖሮ እንደገና ሰየምኩት።
ከላይ ልጆቹ ለእራት ወንበር ይጎትታሉ።

ድቡ አገሳ። ቆመ። ተነፈሰ። ቀጠለ።
ደግሞ ቆመ።
ማሽን ሲቆም ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ኤተሪ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤
"ጥርት ብሏል፤ አንድ ግድፈት ብቻ" አለች፤
"እሱ የመምህር ጉራም ነው፤
ለጉራም ድራይቨር አልተሠራለትም፤ እኔው አርመዋለሁ።"

ልወጣ ስል ወፍራም ወረቀት ቆርጣ፣
በወስፌ ጠቅ ጠቅ አድርጋ
ከኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ለጠፈችው።
ነጥብ ብቻ። ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት፤ ጣቴን አሳረፍኩበት፤
ምንም።
"ምን ይላል?" አልኳት።
"መብራቱን አጥፍተህ ውጣ" አለችኝ።