ቅዳሜ እመጣለሁ

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ሱቅ ደጅ
ሶሬቲ መጣች፣ ደብተር ታቅፋ፣ የጎረቤት ልጅ።
ስድስተኛ ክፍል ናት። የእርሳሷን ጫፍ ነክሳ
«የቤት ሥራ አለብኝ» አለች፣ «ጋሽ ደቻሳ፤
መብራት፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ራዲዮ፣ መቼ ተጀመረ?»
ተፈተው ካደሩ ብሎኖች መሃል ደብተሯ ሰፈረ።

እኔ ስልኬን አወጣሁ፣ ፈልጌ ልነግራት።
«ተው» አለኝ ጋሽ ደቻሳ፣ መበየጃውን ሳያስቀምጥ፤
«የጠየቀችው እኔን ነው፤ ያንተ ስልክ አርፎ ይቀመጥ።»
እሷ በእርሳስ ልትጽፍ፣ እሱ በእርሳስ ሊጠግን
ጎን ለጎን አጎነበሱ፣ በአንዲት አምፖል ብርሃን።

«መብራት» አላት። «አባ ሳሙኤል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤
ውሃው የኛ ወንዝ፣ ብርሃኑ ግን የከተማ ሰው ነው።
ሽቦው በጣራችን ላይ ሲያልፍ አባቴ ኩራዝ ይለኩሳል፤
ከሰፈሩ በሽቦው የተጠቀመ ቁራ ብቻ ነው፣ ያርፍበታል።
ለኛ የበራ ማታ፣ በሃምሳ ሦስት፣ ጾም ሊገባ ሰሞን፣
እናቴ ግድግዳዋን አየችው፣
ለመጀመሪያ ጊዜ። የስንት ዓመት ጥላሸት!
አፍራ፣ አሮጌ ጋዜጣ ስትለጥፍ ነጋ።
ሰው መብራት ገባልን ብሎ ይጨፍራል፤
እሷ ‹ገመናዬ ወጣ› ትላለች።
ሃምሳ ሦስት ብለሽ ጻፊ።»

«ስልክስ?»
«ቀበሌ አንድ ነበረ፣ መደወያው ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት።
ይደወልልናል እንጂ አንደውልም። ሲጮህ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣
ሁሉም በሆዱ ‹የኔን ስም አይጥራ› እያለ ይጸልያል፤
በዚያ ዘመን ስልክን ለደስታ ማን ያባክነዋል?
ሰባ ሰባት ብለሽ ጻፊ። የኔ ስም ተጠራ።»
«ማን ነበር የደወለው?»
«ከአሰብ ነው። ወንድሜ።»
ብሎን መፍቻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።
«ወንድሜ አይደለም የደወለው። ስለ ወንድሜ ነው።»

ሶሬቲ ሰባ ሰባትን ጻፈች፤
ሰባቶቹን ደጋግማ አደመቀች።

«ቴሌቪዥን?»
«እሱን አላውቅም ልጄ። እኔ ጋ የሚመጣው ሞቶ ነው፤
ሲነሳ ደግሞ ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል። ዝለይው።»

ራዲዮ ላይ ሲደርሱ ተነሳ።
ወንበሩ አቃሰተ፣ ጉልበቱም መለሰለት።
ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቴፖቹ ሬሳ ኋላ፣
በጨርቅ የተጠቀለለ አወረደ፤
ባለ አራት ድንጋይ፣ የቆዳ ልብሱ የነተበ፣
እጀታው ላይ በሲባጎ የታሰረ ወረቀት፣
በራሱ በጋሽ ደቻሳ የወጣትነት ጽሕፈት፦

ወንድይፍራው። ጨርቃ ጨርቅ፣ የማታ ፈረቃ።
ድምፅ ይቆራርጣል። ሁለት ብር ቀብድ።
ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።
ኅዳር፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት።

ያ ቅዳሜ ብዙ ሰው ያልመጣበት ነው።
ሶሬቲ አታውቀውም፤ እኔም ከሹክሹክታ በቀር።
አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ፣ በየወሩ ሲያወርደው፣
አቧራ የሚጠርግ ነበር የመሰለኝ፤
ለካ ድንጋይ ይቀይራል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣
እንዳይቆራረጥ።

ከዚያ ወዲህ ባቡሩ ቆመ፤ ሌላ ባቡር በሌላ ሐዲድ መጣ።
ሱቁ ሁለቴ ለመንገድ ፈረሰ፤ ሁለቴም ራዲዮው ቀድሞ ወጣ።
የጣቢያው ስም ተለወጠ፣ ዜና አንባቢው ተለወጠ፣
የአዋጁ ቃና ብቻ አልፎ አልፎ ይመሳሰላል።

«ታዲያ ስንት ብዬ ልጻፍ?»
«ባዶ ተዪው። ሥራው አላለቀም፤
ባለቤቱ ያልሰማው ዕቃ፣ ተጠገነ አይባልም።»

ሰኞ ደብተሯን አየሁት።
ሃምሳ ሦስት ላይ ኤክስ፣ ሰባ ሰባት ላይ ኤክስ፣
በቀይ እስክርቢቶ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ።
ባዶው መስመር ላይ ግን መምህሩ ምንም አላለ።

ማታ፣ ጋሽ ደቻሳ ከሄደ በኋላ፣
ስልኬን ከፍቼ ስሙን ጻፍኩት።
ወንድይፍራው ብዙ ነው። አንዱ መኪና ተደግፎ፣
አንዱ የምረቃ ጋወን ለብሶ፣ አንዱ ልጁን አቅፎ።
ጣቴ እስኪደክም ወረድኩ።
ሁሉም ይስቃሉ።
ሁሉም ከራዲዮው በዕድሜ ያንሳሉ።