መውጫው ላይ

ከሌሊቱ ስምንት፤ ጁቤይል ተኝታለች፣
የጋዟ ነበልባል ብቻዋን ነቅታለች።
እኔም ከስክሪኑ ፊት፣ ብረት ሳልነካ፣ እጄን ሳላቆሽሽ፣
በቁጥር መሰርሰሪያ፣ በቁጥር ቃጫና ሙጫ
ሰሌዳ እበሳለሁ፤ አንዷን ሚሊሜትር ለመቶ ከፍዬ
እጠብቃለሁ፣ ስለቱ እስኪደርስ ከመውጫ።

አሥራ ስድስት ንብብር ነው፣ የብርጭቆ ቃጫ፣
አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ሰሜን፣ በመሃላቸው ሙጫ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲባል ነበር፤
እውነት ነው፤ ድሩንማ መች አየሁት ሲሰበር?
የሚከዳው ሌላ ነው፤ በድርና ድር መሃል ያለው፣
ተረት ያልተተረተለት፣ ስሙን ማንም የማይጠራው።

ሲገባ ደህና ነው፤ የላዩን ትንሽ ልጦ
ይወርዳል ወደ ታች፣ አንድ ባንድ ቆርጦ።
ከሥር ብዙ አለ፤ የተገፋው ሁሉ የሚደገፍበት።
መጨረሻ ላይ ነው፣ አንድ ሁለት ንብብር ብቻ ሲቀርበት፣
ስለቱ ሳይደርስ ግፊቱ ቀድሞ ሲመጣበት፣
ያን ጊዜ ይለቃል፣ እንደ አሮጌ ግድግዳ ኖራ።
በጣት ቢዳሰስ አይታወቅም።
በስክሪኔ ላይ ቀይ ክብ ነው።

ሦስት ወር ደከምኩበት። የሙጫውን ጥንካሬ፣ የስለቱን ማዕዘን፣
የሙቀቱን መጠን፣ አንድም ሳላስቀር ሰጠሁት፤
ከፋብሪካው የተለካውን የግፊት መስመር አምጥቼ
ከኔው ጎን አስተኛሁት።
አብረው ወጡ፣ አብረው ሄዱ፣ እንደ አንድ እናት ልጆች፤
አራት ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር ላይ ተለያዩ መስመሮች።
የኔው ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነሱ ዝቅ አለ፣
ልጅ የተኛበት ቤት ደጃፍ ላይ እርምጃው ቀስ እንዳለ።

መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ለአለቃዬ ጻፍኩ።
መለኪያው ደህና ነበር።
ሐሙስ ራሴ ሄድኩ።

የሚበሳው ይመር ነው፣ የባቲ ሰው፣
አፍንጫውን በሻሽ የጠቀለለው።
በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ቆዳው ይከፈትና
ብርጭቆው ይጠልቃል ይላል፣ ክንዱን እያከከ።
«እዚች ጋ፣» አልኩት፣ «ልትጨርስ ስትል፣ ምን ታደርጋለህ?»
«እ?»
«እዚች ጋ።»
ጆሮውን ወደ ማሽኑ አዘነበለ።
«ድምፁ ይቀጥናል። ሲቀጥን እጀታውን አላላዋለሁ።
ሲገባ መች ያመዋል? ሲወጣ ነው» አለ።

ከዚያ ሳቀ።
«እኔን አታይም? ሲያስገቡኝ አሥር ቀን፤
ኹሩጅ ብጠይቅ ግን፣ ረመዳን አልፎ ይኸው ዐረፋ ሊሆን።»
ወረቀቱ አንድ ፊርማ ቀርቶታል፣
ፈራሚው ሰውዬ ሪያድ ነው፣ ወይ ሪያድ ነው ይባላል።
ሰሌዳው እንዳይላጥ ከጀርባው ጣውላ ታስሮለታል።
ያን አየሁ።
ሌላ አልጠየቅኩም።

ይኸው ዛሬ ሌሊት አንድ መስመር ጨመርኩ፦
አራት ነጥብ ስድስት ሲደርስ፣ ግፊቱ ይላላ።
ምን ያህል ይላላ? ቁጥሩ ስም ይፈልጋል፤
ሌሎቹ ሁሉ ስም አላቸው፣ የሞቱ ሊቃውንት ስም።
«ይ» ብዬ ጻፍኩለት፣ አንዲት ፊደል ብቻ፤
ማሽኑም አልጠላት፣ ተቀበላት ዝም።

ቀዩ ክብ ጠበበ።
አልጠፋም፤ ጠበበ።

ነገ አለቃዬ ይጠይቀኛል፣ ይህች ምንድን ናት ብሎ።
የአንድ ሰው ስም መጀመሪያ ናት እለው ይሆናል፣
ወይም ዝም፤ ምክንያቱም እኔም ስመለከታት
ግሥዋን የምትጠብቅ ትመስለኛለች፣ ገና ያልተጻፈላት፦
ይላላ።
ይፈርም።
ይውጣ፤ ደህና ይግባ።