ቅርብ ያለው ይጠብቅ

አሥራ ሰባት ሜትር ነው፤ በገመድ ለክቼዋለሁ፣
ከሃርሞኒየሙ ፔዳል እስከ ሰገነቱ ደረጃ።
መንደሩ ግን ይለካዋል በሌላ እርምጃ፦
ሃያ ሁለት ዓመት ይሉታል።

ኦሉቫ ከፊት ትጫወታለች፣ ለሁላችን ጀርባ ሰጥታ፤
ወንድሟ ዮዋኒስ ከኋላ ይዘምራል፣ ከላይ፣ ከሰገነት።
አንድ የግጦሽ መሬት፣
ሠላሳ በግ የማያጠግብ ቁልቁለት፣
ከፍሏቸው ቀርቷል፤ ሰላምታም የለ።

እሑድ እሑድ የእርሱ ድምፅ ከዜማው ይዘገያል።
«ሆን ብሎ ነው» ይላሉ፣ «በእልኽ ይጎትታል።»

እኔ ቀን ቀን የዓሣ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
ማታ በሱዱሮይ ደሴት የገመዶች እረኛ፤
ለፋሮ ሬዲዮ ልቀዳቸው መጣሁ፣ ሚክሰሬን አዝዬ።
ሁለት ማይክ ለእርሷ፦ አንዱ በወፍራሙ ድምፅ በኩል፣
አንዱ በቀጭኑ፤
ለእርሱ አንድ፣ ከአገጩ ሥር።
በማዳመጫ ሰማሁ። እውነትም ኋላ ነው።

ግን ድምፅ እግር አለው፣ እግሩም በብርድ ያነክሳል፤
አንዲት ሜትር ሲሻገር ሦስት ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል።
የእህቱ ጣት ሲያርፍ፣ እርሱ ጆሮ እስኪደርስ፣
ያን ሁሉ ወንበር፣ ያን ሁሉ እርጥብ ካፖርት ማለፍ አለበት፤
እርሱም የሚዘምረው ሲሰማ ነው።
ሰውየው አልዘገየም።
አየር ነው።

መጀመሪያ አምስትን ከስድስት አጣመርሁ፣ ስቴሪዮ፣
አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ፣
አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ከፍ እንዲልልኝ።
የዚህ ሚክሰር ጥምረት ጠባዩ እንዲህ ነው፦
ሁለተኛው የራሱን ይረሳል፣
የመጀመሪያውን ይለብሳል።
ስድስት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ የሞረድሁት፣
ከወናፉ ሲጥሲጥታ ጠርቤ ያጠራሁት
በአንዲት ንክኪ ጠፋ።
ሲጥ፣ ሲጥ፣ እንደ አሮጌ የጀልባ ቤት በር።
ተራገምሁ፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኔን ረስቼ።

የዘገየውን ማፍጠኛ ቁልፍ ፈለግሁ፤ የለም።
ያለው የቀደመውን ማቆያ ብቻ ነው።
ስለዚህ ለኦሉቫ «ቆዪ» አልኋት፤ ሃምሳ አንድ ጻፍሁ፣
ሃምሳው ለርቀቱ፣ አንዷ ለብርዱ።
ለሁለቱም ቻናል በየተራ ጻፍሁት፤ ይህን ጥምረቱ አይወርስም፤
አንዱን ብረሳ ቀኝ እጇ ግራ እጇን ጥሎ ይሄዳል።

ዮዋኒስ ደረጃውን ወርዶ ማዳመጫውን አጠለቀ።
የቀዳሁትን ከፈትሁለት፤
ድምፁ ከእህቱ ጣት ጋር እኩል ወደቀ።
ብዙ ቆየ። በጣቱ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ይዳብስ ነበር።
«ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው» አለ፣ «የእኔ ስፌት ነው።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቆዳው ሲቀደድ በመረብ ክር የሰፋሁት።»

እንደገና ልጠርበው የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብሁ።

«ስንት ነው ያቆየሃት?»
«ሃምሳ አንድ ሚሊ ሰከንድ።»
«እኮ ስንት ነው?»
«ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ እንኳ አይሞላም።»
ማዳመጫውን አወለቀ። ወደ ፊት፣ ወደ ጀርባዋ ጮኸ፦
«ኦሉቫ! ስፌቱ እስካሁን ይዟል ወይ?»

እኔም ቆጠርሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ፦
ቃሉ ለመድረስ ሃምሳ አንድ፣
መልሱ ለመመለስ ሃምሳ አንድ።
ከዚያ በላይ የነበረውን ማሽኑ አያውቀውም፤
እኔም ልጽፈው ቦታ የለኝም።

«ይጮኻል» አለች፣ ሳትዞር፤ «ግን ይዟል።»