ጠብቆ

ደምበጫ ላይ፣ ከከብት ክሊኒኩ ጓሮ፣
አንማው ያስተምረናል የኩባውን ቋንቋ፣ ቆራርጦ ቆጥሮ።
የመድኃኒት ካርቶን ክዳኑ ሰሌዳ፣
ከሰሉ ጠመኔ፤ ተማሪው ሦስት ነው፣ ሁላችን እንግዳ፦
እኔ፣ ቅኔ ቤቱን በሌት ጥዬው የወጣሁት፣
ስንዱ ከፋርማሲው፣ አንድ ባለ ባጃጅም፣ ለምን እንደመጣ አንድ ቀን ያልጠየቅሁት።

«ካንቶ» ብሎ ጻፈ። «ቁረጡት፦ ካን። ቶ።
ሁለት ጉማጅ ነው» አለን፣ ጠረጴዛውን በቁልፉ መትቶ።
«ፊቱን ስትጫኑት ‹እዘፍናለሁ› ነው፤ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ነው።
ጭራውን ስትጫኑት ‹ዘፈነ› ይሆናል፤ ያ ሌላ ሰውዬ፣ ትናንት ያለፈው።
እነሱስ ብልጥ ናቸው፣ ከፊደሉ አናት ጭረት ያኖራሉ፤
እኛ ግን ስንጽፈው፣ የሞተም የቆመም አንድ ይመስላሉ።»

«ተነሽና ወዳቂ!» አልሁ እኔ፣ ደስ ብሎኝ፤
የኔታ ፈንቴ ግዕዝ ሲያስነብቡኝ
ወዳቂውን ባነሣው በአርጩሜ ሲጥሉኝ።

አንማው ግን አልሳቀም። ከኪሱ አወጣ
በላብ የለሰለሰ፣ በአራት የታጠፈ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ
የእናቱን ደብዳቤ፤ መሪጌታው የጻፉላት፣
ሁለተኛዋ ገጽ መንገድ የቀረባት።
መጨረሻው መስመር፦ «አባትህ አለ»።
ገጹ እዚያ ላይ አልቆ፣ ነገር ተንጠለጠለ።

ልጅ ነበር ያኔ፣ ከደሴቱ ላይ፣ ከብርቱካን ማሳ ዳር፤
አጥብቆ አነበበው። «አባቴ አለ!» አለ፣ ሲጨፍር ሲያቅራራ ሊያድር።
ምሥራቅ ዘምቶ ወሬው የጠፋው ሰውዬ ቆሞ ታየው በሩቅ፤
ሌላ ደብዳቤ የለ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያው ቃል ኖረበት፣ ሳይላላ፣ ሲጠብቅ።
በመጨረሻው ዓመት ጫማ ገዛለት፤
ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ ቁጥር አርባ ሁለት።

ሲመለስ፣ እናቱ ከአውቶቡሱ በር
ጫማውን አየችው። «ለማን ነው?» አለችው። ነገራት። ድምጿ ሳይሰበር፦
«እኔ ያስጻፍሁትማ፣ ‹አባትህ አለ፣ ልጄን አደራ› ነበር።»

ላልቶ ወጣ ከአፏ።
ፊደል ያኖረውን ትንፋሽ ገደለው።
ጫማው ዛሬም አለ፤ ከአልጋው ሥር፣ በሳጥን፣ እንዳሸገው።

«ጋሼ፣ ታዲያ አሁን ጭረቱን አታኖርም?»
አለ ባለ ባጃጁ። ስንዱ ረገጠችው፤ እሱ አላፈረም።
አንማው ከሰሉን ይዞ ከቃሉ አናት ቆመ፣ ጠብቆ፣ ጠብቆ፤
ከውጭ ላም አማጠች፤ እጅጌውን ሰብስቦ
ወጣ፣ ደብዳቤውን በእጄ ላይ ለቅቆ።